«ይቆነጥጠኛል»

«ልጄ፣ ያ ሻወርህ ይቆነጥጠኛል» አለችኝ እማዬ በስልክ። ቅዳሜ ማታ ነበር። እኔ ባሕር ዳር ቤቴ እግሬን ዘርግቼ ኳስ እያየሁ ነው። እሷ ደብረ ታቦር።

ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ሳቅሁ። «እማዬ፣ ሻወር ጥፍር የለው፣ በምኑ ይቆነጥጥሻል?» አልኳት። እሷም አብራኝ ሳቀች። ከዚያ ከዚህም ከዚያም የቃረምኩትን ደባልቄ ትእዛዝ አስተላለፍኩ። «የላስቲክ ጫማ አድርገሽ ግቢ። ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።» «እሺ» አለች። እናት «እሺ» ካለች ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ስልኩን ዘጋሁና ወደ ኳሴ ተመለስኩ።

ያቺ «እሺ» ምን ልታስከፍለኝ እንደነበር ያወቅሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። የእኔ ዓይነት ልጅ፣ የእኔ ዓይነትም ቤት ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ታሪኩን ላካፍላችሁ።

ደብረ ታቦርን የሚያውቅ ሰው ብርዷን ያውቃል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና አለ። ክረምት ሲገባ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ግቢ ውስጥ ያድራል። ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት ሲነኩት ጣት ያደነዝዛል።

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ገላዋን የታጠበችው ከሰል ላይ በተጣደ ውሃ ነው። ድስቱን ታወርዳለች፣ ሳፋው ላይ ትገለብጣለች፣ በቀዝቃዛ ታበርዳለች፣ በጆግ እየቀዳች ታፈሳለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጉልበቷን ያማት ጀመር። አንድ ቀን የፈላ ውሃ ይዛ ስትገባ አዳለጣትና እግሯ ላይ ፈሰሰ። የበኩር ልጅነቴ የተነሳብኝ ያኔ ነው። ባሕር ዳር ገበያ ወጣሁና ከቧንቧው ጫፍ ላይ የሚገጠመውን፣ ውሃውን እያሳለፈ እዚያው የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ሻወር ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ «220 ቮልት፣ 5,500 ዋት» ይላል። ዋቱ በበዛ ቁጥር ጥሩ መስሎኝ ትልቁን መረጥኩ።

ደብረ ታቦር ወስጄ ለአንድ የሰፈር ወጣት ሠራተኛ ሰጠሁት። በግማሽ ቀን ገጠመው። ውሃው ሲሞቅ ቤተሰቡ በሙሉ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተኮልኩሎ እጁን እየሰደደ አየ። እማዬ መረቀችኝ። ፎቶ አንስቼ ለእህት ወንድሞቼ ላክሁ። «ተባረክ» የሚል መልእክት ጎረፈልኝ። እውነቱን ለመናገር ሻወሩን የገዛሁት ለእማዬ ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ለዚያች «ተባረክ»ም ጭምር ነበር።

ከዚያ ስሞታው ቀስ በቀስ መጣ። መጀመሪያ «ማታ ማታ ለብ ከማለት አያልፍም» አለችኝ። «መብራቱ ደክሞ ነው» አልኳት። ቀጥሎ «ብሬከሩ ይወርዳል» አለች። ለወጣቱ ደወልኩለት። ሄዶ ብሬከሩን በትልቅ ቀየረው፤ ሒሳቡንም በስልክ ላክሁለት። መውረዱ ቆመ። «አየሽ?» አልኳት። ሦስተኛው ያ «ይቆነጥጠኛል» ነው። ለእሱ የላስቲክ ጫማ አዘዝኩ። ከዚያ በኋላ ስሞታው ጠፋ። በደወልኩ ቁጥር «ታጠብሽ?» እላለሁ። «ታጠብኩ፣ ተመስገን» ትላለች።

ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ነው። በስሟ በምትጠራው ከተማ ደግሞ በዓሉ የቤት በዓል ነው፤ የትም ያለ ልጅ ይሰበሰባል። እኔም ለቡሄ ሄድኩ። ሙልሙሉ ተጋግሯል፣ ችቦው ተሰናድቷል፣ ጅራፉ ከየአቅጣጫው ይጮኻል። የእህቴ ልጅ፣ የ9 ዓመቱ፣ ሆያ ሆዬ ሲጨፍር ውሎ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። እህቴ ልብሱን አወለቀችና «ግባና ታጠብ» ብላ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገፋችው።

እማዬ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። ያ ጉልበቷ እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። ልጁን ክንዱን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው። «እዚያ ውስጥ ልጅ አይገባም!» አለች።

ሁላችንም ዝም አልን። ገብቼ አየሁት። ወለሉ ደርቋል። ሻወሩ ጭንቅላቱ ላይ ፌስታል ታስሮበታል። ጥጉ ላይ የጌሾ ማዳበሪያ ተቀምጧል። ውሃ ካየ ወራት እንዳለፈው ያስታውቃል።

«እማዬ፣ ታጠብኩ ስትዪኝ አልነበር?»

«ታጠብኩ አልኩ እንጂ በሻወሩ ታጠብኩ አላልኩም» አለችኝ። ቀጥላም መሬት መሬት እያየች፣ «ያመጣኸውን ነገር ነውር ማውጣት ሆነብኝ» አለች።

ከሰሉና ድስቱ ተመልሰው ሥራ ላይ ነበሩ። በዚያ ጉልበት የፈላውን ውሃ ትሸከም ነበር። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ተቀምጬ ተባርኬ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ቤት አልፎ ወዳሉት ጎረቤታችን ሄድኩ። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እማዬ «መምህር» ትላቸዋለች፤ እኔ «ጋሼ»። አንዲት አሮጌ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥለው መጡ። ውስጧ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮና ቮልት መለኪያ አለ። ቦርሳውን ግን አልከፈቱም። ወንበር ጠይቀው ከእማዬ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እትዬ፣ እስኪ ይንገሩኝ። መቼ መቼ ነው የሚይዝዎት?»

«መክፈቻውን ስነካ ነው መምህር።»

«ውሃው ሲፈስ ነው? ሲቆምም ነው?»

«ሲፈስ ብቻ ነው። ስዘጋው ይተወኛል።»

«ሁልጊዜ እኩል ነው?»

እማዬ አሰበች። «እንጀራ የምጋግር ለታ ይብሳል። ልጅቱ ምጣዱን ከጣደች፣ እኔም ከገባሁ፣ ክንዴ ድረስ ይወጣል።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አየህ? በሽታው ግማሽ በግማሽ ተነግሮናል» አሉ። እኔ አንድ ቀን እንኳ «መቼ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

ምርመራው ተጀመረ። የመጀመሪያ ሥራቸው ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ማጥፋት ነበር። ከዚያ መስመሩ በእውነት መሞቱን አረጋገጡ። አረጋገጡ ስል እንዲሁ አይደለም። መለኪያውን አስቀድመው ሕይወት እንዳለው በሚያውቁት መስመር ሞከሩት፤ ቀጥሎ የሻወሩን መስመር ለኩ፤ በመጨረሻ መለኪያውን መልሰው በሕያው መስመር ሞከሩት። «መሣሪያው ሞቶ መስመሩ የሞተ እንዳይመስልህ» አሉኝ። ብዙ ሰው የሚተማመንባት፣ ጫፏ ላይ መብራት ያላት ካቻቢቴም ብቻዋን እንደማትታመን ነገሩኝ። ፌዝ መኖሩን ትጠቁማለች እንጂ ስንት ቮልት እንደሆነ፣ ሌላኛው ሽቦ ጤነኛ ይሁን አይሁን አትናገርም።

እኔ በልቤ ዕቃው ብልሽት ያለበት ነው ብዬ ፈርጄ ነበር። ጋሼ የሻወሩን ክዳን ፈቱና የማሞቂያ ሽቦውን ለኩት። 9 ኦም ገደማ አነበበ። ወረቀት ላይ አሰሉልኝ። 5,500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 25 አምፔር ነው። 220 በ25 ሲካፈል ደግሞ 8.8 ኦም። «ሬዚስታንሱ ጤነኛ ነው። ቢቃጠል ኖሮ ንባብ አይሰጠንም ነበር፣ ውሃውም ጭራሽ አይሞቅም ነበር። በሽተኛው ሻወሩ አይደለም ልጄ፣ ቤቱ ነው።»

ቀጥለው ገመዱን አዩ። ወደ ሻወሩ የመጣው ሽቦ ከኮሪደሩ ሶኬት የተቀጠለ ነው። 25 አምፔር ለሚስብ ዕቃ ውፍረቱ አይበቃም። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ሻወር ግን ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ የሆነ፣ ለሌላ ያልተጋራ ወፍራም ገመድ ይፈልጋል። ቦይለር ቢሆን ውሃውን አጠራቅሞ ቀስ ብሎ ስለሚያሞቅ 1,500 ወይም 2,000 ዋት ይበቃዋል። ይህኛው የሚያልፈውን ውሃ እዚያው ማሞቅ ስላለበት 55 ባለ 100 ዋት አምፖሎች በአንዴ እንደማብራት ነው።

«ሦስተኛውን ሽቦ እንየው» አሉ ጋሼ። ከሻወሩ ሦስት ሽቦ ይወጣል። አንዱ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ ነው። ሁለተኛው መልሶ የሚወስደው ኒውትራል ነው። ሦስተኛው፣ አረንጓዴው፣ ግራውንድ ነው። ሥራው ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ካለ ሰው ሳይነካው ወደ መሬት መውሰድ ነው። በእኛ ቤት ግድግዳው ላይ የደረሰው ገመድ ባለ ሁለት ሽቦ ነበር። አረንጓዴው ማረፊያ ስላጣ ከኒውትራሉ ጋር ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል።

ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ይኸው ጥፍሩ» አሉ።

መላው ነገር እንዲገባኝ ሌላ ልክ ወሰዱ። ውጭ፣ ከጣሪያው ውሃ በሚወርድበት እርጥብ መሬት ላይ አንድ ፌሮ ብረት ቀበሩ። ከብረቱ ሽቦ ስበው ወደ ውስጥ አስገቡ። ሁላችንንም ከበሩ አራቁንና ደረቅ ጣውላ ላይ ቆመው፣ ዋናውን አስከፍተው፣ በመክፈቻውና በፌሮው መካከል ለኩ። ሻወሩ ሲዘጋ 2 ቮልት እንኳ አይሞላም። ሲከፈት 20 ቮልት ሆነ። እህቴ ምጣዱን ስትሰካ 27 ደረሰ። እማዬ ከበሩ ላይ «ነገርኳችሁ!» አለች። እውነትም ነግራን ነበር፤ ያውም ከመለኪያው ቀድማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒውትራል ከጤነኛ መስመር ላይ ሲሆን ከመሬት ብዙም አይለይም። ሽቦው ሲቀጥን፣ መቀጠያው ሲላላ ግን በውስጡ ብዙ ኤሌክትሪክ በተመለሰ ቁጥር ቮልቱ ከፍ ይላል። ምጣዱም በዚያው ዋና ኒውትራል ስለሚመለስ ጭነቱ ይደመራል። ግራውንዱ ከኒውትራሉ ጋር ስለታሰረ ያ ቮልት ወደ ውሃውና ወደ ብረቱ መክፈቻ ይመጣል። ከሮቶው የሚመጣው ቧንቧችን ፕላስቲክ በመሆኑ ወደ መሬት የሚያወርደው አልነበረም። የቀረው መውረጃ የእማዬ እጅ ነው።

«እና የላስቲክ ጫማው?» አልኩ።

«እርጥብ ወለል ላይ፣ ውሃ የገባበት ጫማ፣ ሌላው እጅ ደግሞ እርጥብ ግድግዳ ላይ» አሉ። «እንዲያውም ጉዳቱ ሌላ ነው። ቁንጥጫውን ቀንሶ በሽታውን ይደብቀዋል።»

ዋናው ተዘጋ። ጋሼ መሰላል ላይ ወጥተው ኮርኒሱን ከፈቱ። ሶኬቱ ላይ የተቀጠለበት ቦታ ጥቁር ሆኗል። ናስትሮው ቀልጦ እንደ ሙጫ ተለጥፏል። ከበላዩ ያለው እንጨት ጠርዙ ጠቁሯል። ኒውትራሉ የተጠመዘዘው ሁለት ዙር ብቻ ነው። በጣታቸው ጫፍ ቢነኩት ተላቀቀ።

ከመሰላሉ አልወረዱም። እዚያው ሆነው ቁልቁል እያዩኝ፣ «ይህ ሻወሩ ተከፍቶ ሳለ ቢላቀቅ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ያጣል። ፌዙ በማሞቂያው ሽቦ በኩል አልፎ፣ በዚያ በታሰረው አረንጓዴ ሽቦ ወደ መክፈቻው ይመጣል። 20 ቮልት አይደለም፤ ሙሉው። መክፈቻውን የያዘ እርጥብ እጅ ያንን ያገኛል።

«ብሬከሩስ አይወርድም?» አልኩ።

«ብሬከር ሽቦን ነው የሚጠብቅ። ሰውን ለመግደል ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ይበቃል። ብሬከርህ የሚነቃው ስንት ላይ ነው?» ሰሌዳው ላይ አየሁ። 40 ይላል። የመጀመሪያው 20 ነበር። ሲወርድ የነበረው «ሽቦው ከአቅሙ በላይ ተጫነ» እያለ ነበር። እኔ ደግሞ አፉን የሚያዘጋ አስገጠምኩ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የታየኝ እማዬ ብቻ አልነበረችም። ጭቃ የተቀባ የ9 ዓመት ልጅ በባዶ እግሩ ነበር የታየኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የእኛ ቤቱ እየቆነጠጠ ሊወስድ ነበር፤ እኔ ስስቅ።

ወዲያው ያን ወጣት ለመውቀስ አፌን ከፈትኩ። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የገጠመው ለታ «ይኼ ወፍራም ገመድ ይፈልጋል፣ ከቆጣሪው ብንስብ ይሻላል» ብሎኝ ነበር። ዋጋውን ስሰማ «ለአሁኑ ባለው ይሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «እሱ ባለው ሽቦ ሠራ፣ አንተ በቆጠብከው ልክ ከፈልክ። ‘አልሠራም’ ማለት ነበረበት፣ ‘አልቆጥብም’ ማለት ነበረብህ» ብቻ አሉ። ቡና ሲጠጡ ደግሞ ቀለዱብኝ። ጋፋት እዚሁ አጠገባችን ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት። «7 ቶን ገደማ መድፍ በተሠራበት አገር ሽቦ ሁለት ዙር ጠምዝዞ መሄድ አያሳፍርም?» አሉ። «ደግሞ አስበው፤ ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው ጣና ይገባሉ። ጣና በለስ ያንን የጣና ውሃ በዋሻ ወስዶ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ያመነጫል፤ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። ያ ሁሉ ተራራ ተበስቶ መጥቶ፣ የሚበላሸው የአንተ ኮርኒስ ውስጥ ነው።»

ማታ ለእማዬ ተናዘዝኩላት። ገመዱን ርካሽ ያደረግሁት እኔ መሆኔን ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «‘ባለው ይሁን’ ስትለው ጓዳ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። እጅ አጥሮህ መሰለኝ። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። ደግሞ ወጪ ላውጣብህ?»

እጅ አጥሮኝ አልነበረም። ይህን ግን አልነገርኳትም። እናንተ ብቻ እወቁልኝ።

ጥገናው ሁለት ቀን ወሰደ። ከቆጣሪው ሰሌዳ እስከ ሻወሩ አንድም ቦታ ያልተቀጠለ፣ ባለ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሦስት ሽቦ ተሳበ። ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ ባለ 32 አምፔር ብሬከር ተገጠመለት። የኮሪደሩ ሶኬትም ወደ ባለ 20ው ብሬከሩ ተመለሰ። ውጭ፣ እርጥቡ መሬት ላይ 1.5 ሜትር የግራውንድ ዘንግ ተቀበረና አረንጓዴው ሽቦ በብሎን ጠብቆ ከእሱ ጋር ታሰረ፤ ከኒውትራል ጋር መገናኘቱ ቀረ። በመጨረሻ ከሁሉ የሚበልጠው መጣ። አርሲዲ ይሉታል። የሄደው ኤሌክትሪክና የተመለሰው እኩል መሆኑን ይጠብቃል። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ከመድረሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል መሹለክ ሲጀምር፣ በቅጽበት ይቆርጣል። ሰውን የሚጠብቀው እሱ ነው። ላዩ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። በየወሩ ተጭኖ መቁረጡን ማየት የእህቴ ልጅ ሥራ ሆኗል፤ እጁን ታጥቦና አድርቆ፣ እንደ ትልቅ ሰው ተኮፍሶ ይጫነዋል።

ጋሼ እንደገና ለኩ። በመክፈቻውና በመሬቱ መካከል ምንም። ምጣዱ ተሰክቶም ምንም።

ለብ ማለቱስ? እሱም ምክንያት ነበረው። ቀድሞ ሻወሩ ሲበራ ሰሌዳው ላይ 198 ቮልት ሲደርስ፣ ሻወሩ ዘንድ የሚደርሰው 182 ብቻ ነበር። የጎደለው 16 ቮልት ኮርኒሱን ሲያሞቅ ነበር። ማሞቂያ ደግሞ ቮልት በትንሹ ሲቀንስ ኃይሉ በብዙ ነው የሚወድቅ፤ በ182 ቮልት 5,500 የተባለው ዕቃ የሚሰጠው ከ3,800 ዋት በታች ነው። በደቂቃ 3 ሊትር ቢፈስ ውሃውን በ26 ዲግሪ ማሞቅ የነበረበት በ18 ብቻ ያሞቃል። 12 ዲግሪ የነበረ ውሃ 30 ደረሰ ማለት ነው፤ ይኸው ለብታው። አሁን 195 ቮልት ይደርሳል። ከውጭ የሚመጣው መስመር ድካም እንዳለ ነው፤ እሱን ማመልከት እንጂ ቤት ውስጥ መጠገን አይቻልም። ለዚህ ጋሼ የሰጡት መድኃኒት ቀላል ነው። «እትዬ፣ ውሃውን ትንሽ ቀነስ ያድርጉት። ውሃው ሲያንስ ይሞቅልዎታል። እንጀራ የሚጋገር ለታ ደግሞ ሻወሩ ይረፍ።»

ከዚህ ሁሉ ለቤታችሁ የሚጠቅመውን ልምረጥላችሁ። ሻወር፣ ምጣድ፣ ማጠቢያ ማሽን፣ ማንኛውም ከብረትና ከውሃ ጋር የሚገናኝ ዕቃ «ነዘር» ካደረገ፣ ትንሽ ነዘር የሚባል የለም። በብሬከሩ አጥፉትና ባለሙያ እስኪያየው ማንም አይንካው። ብሬከር ከወረደ «ለምን?» ሳትሉ በትልቅ አትቀይሩት። ናስትሮው የቀለጠ፣ ሶኬቱ የሚሞቅ፣ የተቃጠለ ላስቲክ የሚሸት ከሆነ ነገ አትበሉ። ሠራተኛ ስታስገቡ «ግራውንዱ የት ነው የታሰረው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ከኒውትራሉ ጋር» ካላችሁ አስቁሙት። ሰሌዳ ከፍቶ መለካቱንም ለባለሙያ ተዉት። እኔ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው የያዝኩት።

ሥራው ያለቀ ዕለት ማታ እማዬ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። መለኪያው ምንም እንደሌለ ነግሮኛል፣ ጋሼም ነግረውኛል፤ ልቤ ግን ይደልቃል። ውሃው መፍሰስ ጀመረ።

«እማዬ?»

«አቤት።»

«ይቆነጥጥሻል?»

ትንሽ ዝም አለች። «ዝም በለኝ እስኪ፣ ልታጠብበት» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስትደውልልኝ ኳሱን አጠፋዋለሁ። ጉልበቴን ወጋኝ ካለች፣ ጣሪያው ጮኸ ካለች፣ ላሟ ዛሬ ሌላ ሆነችብኝ ካለች፣ አልስቅም። ጋሼ የጠየቋትን እጠይቃታለሁ፤ መቼ? የት ጋ? ምን ሲሆን ይብሳል?